«ለምን ቀረች?» የሚል ሰው

የማርቆስ ብርድ እንደ ልማዱ ነው። የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ አየሩ ብርድ ሳይሆን ስለ ማኅበር መቀዝቀዝ ነው። እስቲ ቅር ካላላችሁ ስልካችሁን አውጡና በቴሌግራም የገባችሁባቸውን ግሩፖች ቁጠሩ። አሥር? ሃያ? ከእነዚያ ውስጥ ባለፈው ወር አንዲት ቃል የተነፈሳችሁበት ስንቱ ነው?… አያችሁ! ሁላችንም የስንቱ አባል ነን፤ ብንጠፋ የሚፈልገን ግን ስንቱ ነው?

ይህን የምለው እናንተን ለመውቀስ አይደለም። ወቀሳው ለራሴ ነው።

እኔ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ የቀረሁ ሴት ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ እንዲህ እየሞነጫጨርኩ ለጋዜጣ እልካለሁ። በ2014 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኮፒ ልታስደርግ መጥታ ወሬ ጀመርን። በኮምፒዩተር ሙያ ውስጥ ያሉ፣ ለመግባትም የሚፈልጉ የአፍሪካ ሴቶችን የሚያገናኝ አንድ ማኅበር አለ አለችኝ። የጋናዋ፣ የናይጄሪያዋ፣ የኬንያዋ በስልክ ይገናኛሉ፤ የምታውቀው የማታውቀውን ታስተምራለች። «በየከተማው ቅርንጫፍ ይፈልጋሉ፤ አንቺ ደግሞ ሦስት ኮምፒዩተር ያለበት ቤት ቁልፍ አለሽ። ለምን አስተባባሪ አትሆኚም?» አለችኝ። እኔም ቁልፍ በመያዜ ተሾምኩ ማለት ነው። የስንቱ ሹመት በምን እንደሆነ እናውቅ የለ!

እንዲህ ዓይነት ማኅበር አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። አፍቺክስ የተባለው የአፍሪካ የኮምፒዩተር ሴቶች መረብ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለ። ከእሱ ጋር ስሟ የሚነሳው ኬንያዊቷ ዶርካስ ሙቶኒ እ.ኤ.አ. በ2014 ለኢንተርኔት የደከሙ ሰዎች በክብር ከሚመዘገቡበት «ኢንተርኔት ሆል ኦፍ ፌም» ገብታለች። በናይጄሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ሺ ኮድ አፍሪካ ተመሥርቷል። የኛም አገር አልቦዘነችም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ሆኖ ከ30 በላይ ከሚሆኑ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ልጃገረዶችን አዲስ አበባ ላይ ሰብስቦ ኮድ መጻፍ አስተምሯል። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ሌሎች ልጆችን ኮድ በማስተማር ስሟ የገነነው የሐረሯ ቤተልሔም ደሴስ የኛው ልጅ አይደለች?

ታዲያ መሰብሰቡስ ይሰበሰባል። ጭንቁ ከዚያ በኋላ ነው።

* * *

ስንጀምር 19 ነበርን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለች፣ ሻይ ቤት ያላት አለች፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገጠር በእግሯ እየመጣች የምትማርም አለች። የመጀመሪያው ወር ሰርግ ይመስል ነበር። «አለሁ!» «እኔም!» «መቼ ነው?» ስልኬ ሌሊት ሁሉ ሲጮህ ያድራል። በሦስተኛው ወር ድምፁ ቀነሰ። በስድስተኛው ወር የምንናገረው እኔና ያቺ ያመጣችኝ ተማሪ ብቻ ሆንን። እንደ እብድ ለብቻችን ማውራት ብቻ ቀረን።

በዚህ መሐል፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት ከአፍሪካ እኅቶቻችን ተቆራረጥን። እውነቱን ልናገርና ማረኝ፣ ነገሩ በአንድ በኩል ተመችቶኝ ነበር! ሰው «ማኅበራችሁ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ምን እናድርግ፣ ኢንተርኔት የለ!» እላለሁ። የሚያሳፍረኝን ሁሉ ከዚያ ሥር ደበቅሁት።

ኋላ ግን ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ሰዎቹ አልተመለሱም።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። ተናድጄም አልቀረሁ፣ እንደ አለቃ ጻፍኩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የማይሳተፍ አባል ከግሩፑ ይወጣል!!!» ሦስት ቃለ አጋኖ። ሁለት ሴቶች አውራ ጣት ላኩልኝ፤ ሌሎቹ ጭጭ። ያቺ ከገጠር በእግሯ የምትመጣው ልጅ ግን በዚያው ማታ ግሩፑን ለቃ ወጣች። «አይ ኩራት!» አልኩና በመዝገቤ ላይ ስሟን በቀይ ቢክ ሰረዝኩት።

* * *

አምስት ወር ያህል ቆይቶ አክስቴ አረፈች። ነፍሷን ይማረውና፣ የእድር ሰው ነበረች። በሠልስቱ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ውኃ ይዤ እጅ አስታጥባለሁ። የእድሩ ጸሐፊ እትዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ጠርዙ የተበላ መዝገብ ዘርግተው ስም ይጠራሉ። «አለሁ»፣ «አለሁ»፣ «አለሁ»… አንድ ስም ላይ ሲደርሱ መልስ ጠፋ።

«ለምን ቀረች?» አሉ እትዬ ቀና ብለው።

«ትናንትም አላየኋት» አለች አንዷ።

«እሷ ለቅሶ የምትቀር ሴት አይደለችም። አንድ ነገር ሆናለች። በሉ ሁለታችሁ ተነሡና እያችሁ ኑ።»

ልብ በሉ! እድር ቅጣት አለው፤ የቀረ ይከፍላል። እትዬ ግን እጃቸው መጀመሪያ ወደ ቅጣቱ አልሄደም። ሁለቱ ሴቶች ሄደው ተመለሱ። ሴትዮዋ ለካ ወድቃ እግሯ ተጎድቶ ተኝታለች። ወዲያው ማን ውኃ እንደሚቀዳላት፣ ማን እንደሚያድርላት እዚያው ተራ ወጣ። ነገሩ ሁሉ ቡና እስኪፈላ አልፈጀም።

እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ስሙን በቀይ የሰረዝኩበት መዝገቤ ትዝ አለኝ። ቀና ስል ደግሞ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ያቺኑ ልጅ! በእናቷ ተራ መጥታ ንፍሮ ታድላለች። እኔም ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ፣

«ጥለሽን ወጣሽ አይደል?» አልኳት።

«እኔ? የት ወጥቼ?» ብላ ሰሃኑን አስቀመጠች። «ስልኩ እኮ የወንድሜ ነው። ማታ ማታ ከውጭ አገር ቁጥር መልእክት ሲገባ ‹ይሄ ማነው?› ይለኛል። ናይጄሪያዊት ሴት ናት፣ ኮምፒዩተር ታስተምረናለች ብለው አላመነኝም። ያን ቀን ደግሞ ያንቺ ቁጣ ሲገባ አነበበና ‹ይኸው፣ እነሱም አንፈልግሽም ብለዋል› ብሎ ራሱ አጠፋው።»

«ታዲያ ሱቅ መጥተሽ አትነግሪኝም?»

«በደጃፍሽ እያለፍኩ ነው ገበያ የምሄደው። ተባርሬያለሁ ብዬ አፈርኩ።» ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እናቴ ከእድር አንድ ቀን ብትቀር ሰው ይመጣል። እኔ ይኸው አምስት ወር ቀረሁ። ማን መጣ?» አለችኝ።

ምን ልመልስ? ንፍሮዬን ተቀብዬ ቁጭ አልኩ።

* * *

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የቀሩትን አንድ በአንድ ፈለግኋቸው። በጽሑፍ አይደለም፤ ደውዬ ወይም በእግሬ ሄጄ። ያገኘሁትን መልስ ልንገራችሁ፤ የማኅበር፣ የክበብ፣ የግሩፕ አስተባባሪ የሆናችሁ ሁሉ ጆሯችሁን ስጡኝ።

አንዷ በሰዓት ተሳስታ ነበር። የአፍሪካው ስብሰባ ማስታወቂያ «ከሰዓት በኋላ 2፣ በግሪንዊች» ይላል። አክራ ላይ እውነትም 2 ሰዓት ነው፤ ሌጎስ 3 ይሆናል፤ ናይሮቢ 5። እኛም ከናይሮቢ ጋር እኩል ነን፤ ነገር ግን በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት እንለዋለን። ልጅቱ «2» የሚለውን አይታ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልኳን ከፍታ ጠበቀች። ማንም የለም። በሌላ ቀንም እንዲሁ ሆነባት። በሦስተኛው ተወችው። እኛ ሰነፍ አልናት!

ሌላዋ በቪዲዮ የሚደረገው ስብሰባ አንድ ጊዜ ተቀምጣበት ለወሩ የገዛችውን ጥቅል ጨረሰባት። አንዷ ደግሞ «እንግሊዝኛውን እሰማዋለሁ፤ ተናገሪ ሲሉኝ ግን ጉሮሮዬ ይዘጋል» አለችኝ።

የሻይ ቤቷ ባለቤት መልስ ከሁሉ ይበልጥ ቆረቆረኝ። «አንድ ቀን ጥያቄ ጠይቄ ማንም አልመለሰልኝም። የሞኝ ጥያቄ ነው ማለት ነው ብዬ ደግሜ አልጠየቅሁም» አለች። ሄጄ ስፈልግ ጥያቄው እውነትም አለ። ያን ጊዜ አንብቤው ነበር። «ሌላ ሰው ይመልስላታል» ብዬ አልፌዋለሁ። ለካ ሁሉም እንደኔው ብሎ አልፏል!

የመንግሥት ሠራተኛዋ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ምን ሥራ ሰጣችሁኝ? ማዳመጥ ብቻ ከሆነማ ቤቴ ሬዲዮ አለኝ።»

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ለሰው ልክ ይሆናል፤ ማኅበር ግን የሚነቅዘው በዝምታ ነው። እኔ የአባላቱን ዝምታ ስንፍና ብዬ አነበብኩት። እነሱ ደግሞ የኔን ዝምታ ንቀት ብለው አነበቡት።

* * *

ከዚያ ምን አደረግን? ፈረንጅ አገር የተማረ አማካሪ አልቀጠርንም። ከእድርና ከጽዋ ማኅበር ተበደርን።

የመጀመሪያው ተራ ነው። ጽዋው ከቤት ቤት እንደሚዞር፣ እኛም ዘንድ በየእሑዱ አንዷ የምታውቃትን ትንሽ ነገር በአማርኛ ለአሥር ደቂቃ ታስተምራለች። ፋይል አቀማመጥም ቢሆን፣ ምስጢር ቁጥር አመራረጥም ቢሆን። አስተማሪ የምትሆን ሴት ደግሞ አትቀርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት አባቶቻችን ይኸን አይተው ይሆናል። ድሮ ሃምሳውንም ሎሚ እኔ ብቻዬን ተሸክሜ ነበርና!

ሁለተኛው፣ ሁለት ሁለት ሆነን ተጣመርን። ጓደኛዋ የቀረች እንደሆነ ሦስት ቀን ሳይሞላ ትጠይቃለች። ጥያቄው ግን «ለምን አልመጣሽም?» አይደለም፤ «ደኅና ነሽ ወይ?» ነው።

ሦስተኛው፣ ማስታወቂያ ሁሉ በቅድሚያ በኛ ሰዓትና በኛ ቀን ይጻፋል። ስብሰባው ላይ የተባለው ፍሬ ነገር በአማርኛ ባንድ ገጽ ተጽፎ ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል። ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ወረቀቱ አለ። ስልክ የሌላትም ታነባለች።

አራተኛው፣ መልስ ሳያገኝ የሚያድር ጥያቄ የለም። «እኔም አላውቀውም፣ ነገ እንጠይቃለን» ማለትም መልስ ነው።

ለአፍሪካው ማኅበር አስተባባሪም እየተንቀጠቀጥኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩላት፤ ስንቶቻችን ዝም እንዳልንና ለምን እንደሆነ። እኛ ሰዓት በሌላ መንገድ እንደምንቆጥር ጭራሽ አልሰማችም ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ሰዓት በማስታወቂያው ላይ ይገባል፤ ለቪዲዮ አቅም ለሌላት ደግሞ የውይይቱ ጭብጥ በጽሑፍ ይላካል። ይኸን ያህል ቀላል ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተስተካከለው የተናገረ ስላልነበረ ነው።

ልጅቱስ? ወንድሟ ዘንድ ብቻዬን ለመሄድ ፈራሁ። እትዬን ለመንኳቸውና አብረን ሄድን። ቡና ተጠጣ። እትዬ «ልጄ፣ አትመነን። መጥተህ በዓይንህ እይ» አሉት። እሑድ መጣ። ጥግ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያየን ቆየና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ እኅቱ መጣች። ስልክ እስከ ዛሬ የላትም።

ተራዋ ሲደርስ ያስተማረችን ምን መሰላችሁ? የእናቷን የእድር ክፍያ በደብተር ጽፋ አምጥታ በኤክሴል ሠንጠረዥ አወጣችው፤ ወርሃዊ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ድምር። እትዬ ሊያዩ መጥተው ነበር። ከታች የወጣውን ድምር በእርሳስ በወረቀታቸው ላይ ደምረው አመሳከሩት። ገጠመ። «ጎበዝ» አሉና መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። «እሱን ግን አልጥለውም። መብራት ሲጠፋ የሚነበበው እሱ ነው።»

ከ19ኞቹ ዛሬ 11ዱ ይመጣሉ። አምስቱ አግብተውም፣ ሥራ አግኝተውም ከተማውን ለቀዋል፤ በስልክ እንጠያየቃለን። ሦስቱ «አልፈልግም» ብለዋል። እሱንም ጠይቀን ነው ያወቅነው፤ ስለዚህ አላስከፋንም።

እናንተም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከክበባችሁ፣ ከማኅበራችሁ፣ ከጓደኞቻችሁም መሐል ድምፁ የጠፋ አንድ ሰው ምረጡ። መልእክት አትላኩ፤ ደውሉ። ወቀሳውን ተዉትና «ደኅና ነህ? ደኅና ነሽ?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። የኔ መዝገብ ዛሬም እዚያው ሱቅ ውስጥ አለ። ቀዩን መስመር ላጠፋው ብሞክር ወረቀቱ ሊቀደድ ሆነ፤ ስለዚህ ከጎኑ ስሟን እንደገና ጻፍኩት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!