በስንጥቁ አፋፍ

ሻሞኒ ከሞን ብላን ተራራ ግርጌ፣ ፈረንሣይ ከኢጣሊያና ከስዊስ ጋር በምትዋሰንበት አካባቢ፣ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚያ በማለዳ ተነሥቶ በሽቦ ገመድ ላይ በሚንሸራተተው ሠረገላ የተሳፈረ መንገደኛ፣ የጠጣው ቡና በሆዱ ሳይቀዘቅዝ 3842 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳል። የሚወርድበት የድንጋይ ሹል ኤግዊ ዱ ሚዲ ይባላል፤ የቀትር መርፌ እንደ ማለት ነው። ሠረገላው ሥራውን የጀመረው በ1955 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚህ አናት ስኪውን ከእግሩ አስሮ ቁልቁል የሚንሸራተት ሰው፣ «ነጩ ሸለቆ» በተባለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ወደ ከተማዋ ይመለሳል። ሸለቆው ከላይ ሆኖ ለሚያየው አንዳች እንከን የሌለው፣ ታጥቦ የተሰጣ ጋቢ ይመስላል። ነገሩ ግን ያለው ከጋቢው በታች ነው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ቆጣቢ ነው። ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ ተራራ ላይ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚከመረውንም፣ በብዙ ዘመን ክብደት ተጨምቆ ዓለት የመሰለውንም በረዶ ብሎ ያልፈዋል። ይህ አያስወቅሰውም፤ ለማያየው ነገር ስም የሚያበዛ ሕዝብ የለም። እዚህ ላይ ግን መለየቱ ግድ ስለሆነ፣ አዲስ የወረደው ለስላሳው አመዳይ፣ ከሥሩ ያለው የተጫነው ደግሞ ግግር ቢባል ይሻላል።

ግግር የቆመ ይመስላል እንጂ ይሄዳል። ጥልቁ ክፍል በጭነቱ ብዛት እንደ ሊጥ ቀስ እያለ ቁልቁል ይፈስሳል። የላዩ ቆዳ ግን ደረቅና ተሰባሪ በመሆኑ፣ ከሥሩ ያለው መሬት በድንገት ሲያዘቀዝቅ ወይም ሲጠማዘዝ ተለጥጦ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ እስከ 30 ሜትር፣ አንዳንዴም እስከ 50 ሜትር ይጠልቃል። በብርዱ ወራት ነፋስ አመዳዩን እየገፋ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ድልድይ ይሠራበታል። ድልድዩን ጠዋት ውርጭ ስለሚያጠነክረው ሰው ይሸከማል፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ስታላላው ያንኑ ሰው ይጥላል።

በ1820 ወደ ሞን ብላን ጫፍ ይወጣ በነበረ ቡድን ላይ የአመዳይ ናዳ ወረደና ሦስት መንገድ መሪዎችን ጠርጎ ከስንጥቅ ውስጥ ከተታቸው። ግግሩ አስከሬናቸውን ይዞ ተጓዘ። በ1861፣ ከ41 ዓመት በኋላ፣ ከታች በቦሶን ግግር ጅራት ላይ ቅሪታቸውን ያወጣው ጀመር። ልዊ ላሽናል ደግሞ በ1950 ከሞሪስ ኤርዞግ ጋር የአናፑርናን ጫፍ በመርገጥ፣ ከ8000 ሜትር በላይ ከሆነ ተራራ አናት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቆሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበር፤ የእግሩን ጣቶች ሁሉ ለውርጭ ገብሮ ተመለሰ። ያን ተራራ ያሸነፈ ሰው በ1955 በዚሁ በነጩ ሸለቆ ላይ በስኪ ሲወርድ ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ከቤቱ ደጃፍ ነው ማለት ይቻላል።

በሚያዝያ ወር በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ አራት ጓደኞች ከሠረገላው ወርደው፣ በገመድ ተያይዘው ጠባቡን የተራራ ጀርባ ካለፉ በኋላ፣ ብዙኃኑ ከሚንሸራተትበት መንገድ ወጣ ብለው ቆሙ። አንዱ አናጺ ነው፤ አንዲቱ ነርስ፣ ሌላዋ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ አራተኛው ፖስተኛ። ከሃያ ዓመት በላይ አብረው ተንሸራትተዋል። ያን ቀን ግን የመጡት ለመንሸራተት አልነበረም። በረጅም ቀጭን ዘንግ አመዳዩን እየወጉ አፋፉ ጠንካራና ጥርት ያለ ስንጥቅ ፈልገው አገኙ፤ ከጓደኞቻቸው አንዱን በፈቃዳቸው ወደዚያ አውርደው፣ እንደ ወደቀ ሰው ቆጥረው ሊያወጡት ነው።

ምክንያቱ ፖስተኛው ነው። ባለፈው ዓመት፣ በዚሁ ወር፣ አራቱ በገመድ ተያይዘው ግግሩን ሽቅብ ሲያቋርጡ፣ ሁለተኛ ሆኖ ይሄድ የነበረው ፖስተኛ ድልድይ ተደርምሶበት ስድስት ሜትር ያህል ወርዶ ተንጠለጠለ። ሻሞኒ የታወቁ የተራራ ነፍስ አዳኞች አሏት። በ1956 መጨረሻ ሁለት ወጣቶች ሞን ብላን ላይ ተይዘው፣ ከተማው በመነጽር እየተመለከተ ሳይድኑ ከቀሩ በኋላ፣ በ1958 ይህ ተግባር ለጀንዳርሜሪና ለፖሊስ በይፋ ተሰጥቷል፤ ዛሬ ሰማይ ሲጠራ ሄሊኮፕተር በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። በዚያ ቀን ግን ሰማዩ አልጠራም። ደመናው እስከ ጉልበታቸው ወርዶ ነበር።

ሦስቱ ወዳጆች ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ገመዱን ጨብጠው ሳቡ። ገመዱ ግን ገና በአወዳደቁ ጊዜ አፋፉን እንደ ቅቤ ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ሰምጦ ነበር። በሳቡት ቁጥር የተንጠለጠለው ሰው ራሱና ትከሻው ከአፋፉ ሥር እንደ ጣሪያ ከወጣው አመዳይ ጋር ይጋጫል። «ተዉ! አትሳቡ!» ብሎ ጮኸ። አመዳይ ድምፅ ይውጣል፤ አልሰሙትም። እነርሱ «በርታ!» እያሉ ሳቡ። ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ደመናው ተገለጠና አዳኞቹ ደረሱ። ከእነርሱ አንዱ ሁለተኛ ገመድ አጥፎ በሌላ በኩል አወረደና ፖስተኛውን በሩብ ሰዓት ውስጥ አወጣው። የአንገቱ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳው የሰበረው አወዳደቁ ሳይሆን አሳሳባቸው ነው። 30 ሜትር ትርፍ ገመድ ደግሞ ያን ሰዓት ሁሉ በአናጺው ጀርባ፣ በቦርሳው ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፖስተኛው ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልተናገረም። ይህ ዝምታ ለአናጺው ከወቀሳ ይልቅ ከባድ ሆነበት። ቅዳሜ ማታ አብረው ከሚቀመጡበት ቡና ቤት መምጣቱን ቀነሰ፤ ሲመጣም ከፖስተኛው ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ሸሽቶ ጥግ መያዝ ጀመረ። በመጨረሻ ልምምዱን ያሰበችው ነርሷ ናት። ፖስተኛው እንዲመጣ ግን ማንም አልጠየቀውም፤ ጠዋት ከሠረገላው ጣቢያ በር ላይ ስኪውን ተሸክሞ ቆሞ አገኙት። «ሰዓት የሚይዝ ሰው ሳያስፈልጋችሁ አይቀርም» አለ።

ነርሷ ወረደች። ለጥንቃቄ ሌላ ገመድ ለብቻው ታስሮላት፣ መምህርቷ ከተቀበሩ ስኪዎች ላይ አስተማምና ያዘችው፤ ልምምድ ሰው የሚገድልበት ጊዜ አለና ይህ የማይታለፍ ደንብ ነው። ዋናውን ገመድ ግን ሆን ብለው ያለ መከላከያ በአፋፉ ላይ ለቀቁት፤ እንደ እውነቱ ቆርጦ እንዲሰምጥ። አናጺው ብቻውን አዳኝ ነው፤ ሁለቱ እንዳይረዱት ተስማምተዋል።

በወረቀት ላይ ሥራው የተጣራ ነው። አዳኙ በገዛ ሰውነቱ ክብደቱን እንደ ያዘ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ስኪዎቹን ከሚስበው ኃይል አንጻር አግድም ይቀብራል። ከተቀበረው ስኪ በወጣ ክር የተወጠረውን ገመድ ይነክሳል። የሚያስነክሰው ቋጠሮ ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ በ1931 ለተራራ ወጪዎች ያስተዋወቀው ነው፤ ቀጭን ክር በወፍራሙ ገመድ ላይ ተደጋግሞ ይጠመጠማል፣ ሲላላ ይንሸራተታል፣ ሲጫኑት ይነክሳል። ይህን የመሰለ ቀላልና ታማኝ ነገር ሰው ከሠራቸው ነገሮች መካከል ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ገመዱ በብረት ቀለበቶች መካከል ሁለት ጊዜ ይመላለስና የአንዱ ሰው ጉልበት የሦስት ይሆናል፤ ሦስት ሜትር ሲሳብ ሰውየው አንድ ሜትር ከፍ ይላል። ወረቀት ግን ፍትጊያን አያውቅም፤ የቀዘቀዘ ጣትንም አያውቅም።

አናጺው በዕድሜው ሙሉ እንጨት ያገጣጠመ፣ መስመር ሳያሰምር ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው ነው። ያን ቀን ጣቶቹ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አበላሹት። ጉድጓዱን በጥድፊያ አሳንሶ ቆፈረና ስኪዎቹ ገና ሲጫኑ ተንቀሳቀሱ፤ እንደገና ቆፈረ። በመጨረሻም ሁሉም ነገር እንደ ሥዕሉ ተሰናድቶለት ሳበ። ገመዱ ትንሽ መጣ፣ ቆመ። ደግሞ ሳበ። ተረከዙን ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ድረስ ሳበ። ፖስተኛው ከቦርሳው ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ሳይሆን የሰውየውን ጀርባ ይመለከት ነበር። ያ ጀርባ ባለፈው ዓመት ምን ይመስል እንደ ነበር ያየው ገና ያን ጊዜ ነው፤ እርሱ ከታች ነበርና።

«አቁም» አለ ፖስተኛው በለሆሳስ።

አናጺው አልሰማም ወይም የሰማ አልመሰለም።

«አቁም፣ ወንድሜ። እየሳብክ ያለኸው እርሷን አይደለም፤ ተራራውን ነው።»

አናጺው ገመዱን ለቀቀ፤ ነካሹ ቋጠሮ ክብደቱን ያዘው። ለጥቂት ጊዜ በጉልበቱ ተንበርክኮ ቆየ። ከዚያ ከሥዕሉ ውስጥ የዘለለውን ነገር አስታወሰ፤ ራሱን በአጭር ክር አስሮ እስከ አፋፉ ድረስ በሆዱ ተሳበና ቁልቁል ተመለከተ። ከሰማያዊው ጥልቀት ውስጥ የነርሷ ፊት ወደ ላይ ተንጋጦ ታየው።

«ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ፤ እግሬ ግን ደንዝዟል። ምን ትሠራለህ እዚያ?»

ሰው ታጥቆ ያለ እንቅስቃሴ ሲንጠለጠል መታጠቂያው ደሙን ስለሚያግተው ብዙ መቆየቱ አደገኛ ነው። ነርሷ ይህን ታውቃለች፤ እግሯን ከግድግዳው ላይ እያነሣች እየጣለች ነበር። አናጺው ያንኑ ያለፈውን ዓመት ቦርሳ ከፈተ። ትርፉን ገመድ አወጣ። ከተቆረጠው ቦታ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ ልሙን የአፋፍ አመዳይ በአካፋ ከላረው፣ ገመዱ ዳግመኛ እንዳይሰምጥ የስኪ ዱላ አጋድሞ አሰረበት፤ ከዚያ ገመዱን አጥፎ፣ በእጥፉ ላይ ትንሽ ፑሊ አንጠልጥሎ አወረደላት። ነርሷ ፑሊውን ከወገብ መታጠቂያዋ ጋር ቆለፈች። አሁን ገመዱ የሚሮጠው በዱላው ላይ ነው፤ ከታች ያለችውም በእጇ እየሳበች ትረዳለች። በተጠጋች ቁጥር ራሷን ከአፋፉ በእግሯ ገፋ ታደርጋለች። መጀመሪያ ቆቧ፣ ቀጥሎ ቅንድቧ ብቅ አለ።

«ሃምሳ ሁለት ደቂቃ» አለ ፖስተኛው። «ገመዱን ከቦርሳ ካወጣህ በኋላ ግን አሥራ አራት።»

ምሳቸውን በሉ፤ ዳቦና አይብ ነበር። ስለ ቋጠሮ ተከራከሩ። መምህርቷ ሁሉንም እንደ ተማሪ በተራ በተራ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲቋጥሩ አደረገቻቸው፤ ሙያዋ እዚህም አልለቀቃትም። ከዚያ ፖስተኛው ተነሣና መታጠቂያውን አጠበቀ።

«አንተ መውረድ የለብህም» አለች ነርሷ። «ትከሻህ ገና ነው።»

«ትከሻዬ ከድኗል» አለና ወደ አናጺው ዞረ። «እሰርልኝ።»

አናጺው አሰረለት። ቋጠሮውን አንድ ጊዜ በዓይኑ፣ አንድ ጊዜ በጣቱ መረመረ፤ የብረት ቀለበቱን መቆለፊያ አጠበቀ፤ ተመልሶ ደግሞ ነካው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተቀራርበው አልቆሙም ነበር፤ እስትንፋሳቸው በብርዱ ውስጥ ተቀላቅሎ አንድ ጉም ሆነ። ፖስተኛው ጀርባውን ለስንጥቁ ሰጥቶ፣ በአፋፉ ላይ ጥቂት ከቆየ በኋላ ወረደ። የመጨረሻ የታየው ገመዱን የጨበጠው ጓንቱ ነው።

በዚህ ጊዜ አናጺው አልቸኮለም። ጉድጓዱን አስጠልቆ ቆፈረ፤ ስኪዎቹን ቀብሮ በእግሩ ደለደለ፤ ገመዱን አስነክሶ ራሱን ነፃ ካወጣ በኋላ በቀጥታ ወደ አፋፉ ተሳበ። «ትሰማኛለህ?» ብሎ ጮኸ፤ መልስ እስኪመጣለት ድረስ ገመድ አልነካም። ደግሞ ጮኸ።

«እሰማሃለሁ» የሚል ድምፅ ከሩቅ መጣ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፖስተኛው ጢሙ አመዳይ ለብሶ በአፋፉ ላይ በደረቱ ተጋደመ። አናጺው በመታጠቂያው ይዞ ወደ ጥሩው መሬት ጎተተው። ሁለቱም እያለከለኩ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ቆዩ።

«ከአምና ይልቅ ቀልዬ ተገኘሁ?» አለ ፖስተኛው።

አናጺው መልስ አልሰጠም። ተነሥቶ እርጥቡን ገመድ በክንዱ ይጠመጥም ጀመር። ጥላው ከስንጥቁ ወዲህ ማዶ ተሻግሮ ነበር፤ አመዳዩ እየላላ ስለሆነ ቶሎ መውረድ ነበረባቸው። መምህርቷ ስኪዎቹን ከጉድጓዱ ስታወጣ፣ ፖስተኛው ገመዱ እንዳይጠላለፍ ሌላውን ጫፍ ይዞ በቀስታ ይለቅለት ነበር።