አሥራ አንዱ መጠይቆች

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ በአንድ ዓርብ ቀን፣ ከምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ልማርበት ያሰብኩትን የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለማየት ሄድኩ። በኪሴ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር። በአንዱ ገጽ የምጠይቃቸውን ነገሮች ጽፌበታለሁ፦ ክፍያው በስንት ጊዜ ይከፈላል፣ የማታው ትምህርት በስንት ሰዓት ይጀምራል፣ አማካሪ የሚመደበው መቼ ነው። በሌላው ገጽ ለማመልከቻው ያዘጋጀሁት የምርምር ርእስ ሰፍሯል፦ «የአገልግሎት ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ»። ከሥሩ የባንኩን ስም መጨመር ብቻ ነበር የቀረኝ።

ስለ ሕንፃው የምለው ብዙ የለኝም። በሬጅስትራር ቢሮ ጥያቄዎቼ በአምስት ደቂቃ ተመለሱ። አንድ መምህር ደግነት ተሰምቷቸው የመማሪያ ክፍሎቹን አሳዩኝና ክፍለ ጊዜያቸው ሲደርስ «ቤተ መጻሕፍቱን እስኪበቃዎ ይመልከቱ» ብለው ተሰናበቱኝ።

የመመረቂያ ጽሑፎቹ ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ሽፋን ለብሰው ተደርድረዋል። ርእሶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ስጀምር ደስ አለኝ፤ የእኔን የሚመስሉ ብዙ ነበሩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። ባንኩ ይለወጣል፣ ክፍለ ከተማው ይለወጣል፣ ርእሱ ያው ነው። ከእነዚህ መካከል የእኛን ቅርንጫፍ በናሙናው ያካተተ አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። አንብቤው አላውቅም፤ ሆኖም ከጻፉት ሰዎች አንዱ ነበርኩ ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ተማሪ ወደ ቅርንጫፋችን መጥቶ፣ ተራ ለሚጠብቁ ደንበኞች እንድናድልለት 40 መጠይቆች ትቶልን ሄደ። ሰሞኑ ደመወዝ የሚወጣበት ስለ ነበር ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ከደንበኞቹ ገሚሱ አልሞላም አለ፤ ገሚሱ ጊዜ ስለሌለው እንደ ነገሩ አክብቦ መለሰ። ተማሪው ሊወስዳቸው በቀጠረን ዋዜማ አሥራ አንዱ ባዶ ነበሩ። ሒሳብ ዘግተን ጥሬ ገንዘቡን ካስረከብን በኋላ እኔና በአጠገቤ ያለው መስኮት ላይ የምትሠራው ባልደረባዬ ተካፈልናቸው፤ እኔ ስድስት፣ እሷ አምስት። እኔ ከላይ እስከ ታች 4ን አከበብኩ። እሷ ቆጠብ ያለች ስለሆነች 3ን መረጠች። ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም። በማግሥቱ ተማሪው አመስግኖ ቡና ጋበዘን፤ እኛም ያለ ሐፍረት ጠጣን።

ጽሑፉን ቆሜ ገለጥኩት። የተጠቀመው ፓራሱራማን፣ ዘይታምልና ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ሰርቭኳል በተባለው መለኪያ ነው፦ 22 ጥያቄዎች፣ አምስት ዘርፎች። መለኪያው ሲፈጠር ደንበኛው ከአገልግሎቱ የጠበቀውንና በእርግጥ ያገኘውን ለየብቻ ጠይቆ ልዩነቱን የሚያሰላ ነበር። በመደርደሪያው ላይ ከገለጥኳቸው የሚበዙት የመጀመሪያውን ግማሽ ትተውታል። (ይህን መተው በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ክሮኒንና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1992 ተከራክረውለታል። መተዉን የሚናገር ግን አላየሁም።) የናሙናው መጠን በያማኔ ቀመር ተሰልቷል፤ 10,000 ደንበኛ ካለና 5 በመቶ ስሕተት ከተፈቀደ ቀመሩ 385 ይላል። መጠይቁን የሚሞላው ማን እንደሆነ መጠየቅ የቀመሩ ሥራ አይደለም።

ዓይኔን ያሰረው የአስተማማኝነቱ ሠንጠረዥ ነው። ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው አልፋ ለአምስቱም ዘርፎች ከተለመደው የ0.70 ወሰን በላይ ነበር። ያን ጊዜ በአእምሮዬ አሰላሁት። አልፋ የሚመዝነው ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚስማሙ ነው። አንድ ሰው ሁሉንም 4፣ ሌላው ሁሉንም 3 ብሎ ከሞላ ስምምነቱ ፍጹም ይሆናል፣ አልፋውም 1 ይሆናል። በጥንቃቄ አንብቦ አንዱን ጥያቄ 2፣ ሌላውን 5 ያለው ደንበኛ ቁጥሩን ዝቅ ሲያደርገው፣ የእኔና የባልደረባዬ ስንፍና ከፍ አድርጎታል። ይህን ሐሰት መጀመሪያ የጻፍነው እኛ ነን፤ ተማሪውን ለመውቀስ አፍ የለኝም። እሱም እንደ እኔ ቀን የሚሠራ፣ ማታ የሚማር፣ የማስረከቢያ ቀን የደረሰበት ሰው ነበር።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እናት ቀርበው «ልጄ፣ ልንዘጋ ነው፤ ፎቶ ኮፒ የምታነሣው አለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። ማመልከቻውን በዚያው ሞልቼ አስገባሁ። የምርምር ርእስ የሚለውን መስመር ግን ባዶውን ተውኩት።

ከገባሁ በኋላ ነገሩን ለአማካሪዬ አወራኋቸው። «አሥራ አንዱ ከስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከ40» አልኳቸው። በወረቀታቸው ጠርዝ ላይ 27.5 ብለው ጻፉና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ሌላ አላሉም፤ ርእሴን እንድቀይር ያዘዙኝም እሳቸው አልነበሩም።

አሁን የማጠናው ደንበኞች ወረፋ የሚጠብቁበትን ጊዜ ነው። ደንበኛው ቁጥር ከሚወስድበት ቅጽበት ጀምሮ መስኮቱ ጋር እስኪደርስ በሰዓት እመዘግባለሁ፤ ሲወጣም ጥቂት ጥያቄዎችን ራሴ አነብለታለሁ። ቀርፋፋ ሥራ ነው፤ በቀን ከአሥራ አምስት ሰው በላይ አዳርሼ አላውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ወደ ወረቀቴ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የትኛውን ብልህ ነው የሚጠቅምህ፣ ልጄ?»