ትልቁን ለቤት፣ ትንሹን ለመንገድ

ድሮ ለራቀ ዘመድ ፎቶግራፍ መላክ የቴምብር ዋጋና የሳምንታት ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። ዛሬ የእጅ ስልክ ካሜራውንም ፖስታ ቤቱንም አንድ ላይ ይዞ መጥቷል። ይሁን እንጂ ሥራ ውላ የገባች እናት፣ ልጆቿን አስተኝታ ዐሥር ፎቶግራፎች በኢሜይል ልላክ ስትል፣ ስልኩ ግማሽ ሰዓት ሲያንገራግር ቆይቶ «አልተላከም» ይላታል። ለኢንተርኔት የከፈለችው ገንዘብ ግን ሄዷል።

ምክንያቱ የፎቶግራፉ ክብደት ነው። የዛሬ ስልኮች የሚያነሡት ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ በአንድ በኩል 4000፣ በሌላው በኩል 3000፣ በጠቅላላው 12 ሚሊዮን የቀለም ነጥቦች አሉት። አንዱ ሦስትና አራት ሜጋባይት መመዘኑ የተለመደ ነው። ጂሜይል ደግሞ በአንድ መልእክት አያይዞ የሚልከው እስከ 25 ሜጋባይት ብቻ ነው። በዚያም ላይ ኢሜይል ፋይሉን ወደ ፊደላት ለውጦ ስለሚያጓጉዘው ክብደቱ በሲሶ ያህል ይጨምራል። በመሆኑም በአንድ መልእክት ከ18 ሜጋባይት በላይ ባይጫን ይመረጣል።

የነገሩ ክብደት ይበልጥ የተሰማኝ ላስታ ውስጥ፣ ገነተ ማርያም ለዘመድ ጥየቃ በሄድሁ ጊዜ ነው። በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ከአለት እንደተፈለፈለ የሚነገርለት ቤተ ክርስቲያን በሚገኝበት በዚህ ቀበሌ አክስቴ የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። የልጁ እናት ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ የልጇን መልክ ሳታይ ከርማለች። አሁን ልጁ የፊት ጥርሶቹን አውልቋል። እናቱም «በኢሜይል አድርጊልኝ፤ ስልኬ ቢሰበር ቢጠፋ እንኳ ከዚያ አላጣውም» ስትል ለመነችኝ።

ስድስት ፎቶግራፎች መረጥሁ። የዕለቱ መስመር ደካማ ስለ ነበር «ላሳንሳቸው ነው» ብል አክስቴ ደነገጡ። «ልጄ፣ ልጁን ስታሳንሺው ለእናቱ የከሳ መስሎ ይታያታል እኮ! እኔ እህል አላጎደልሁበትም!»

ስጋታቸው የሚያስቅ ቢመስልም መሠረት አለው። 4000 በ3000 የነበረውን ወደ 1600 በ1200 ብናወርደው የነጥቡ ብዛት ከ2 ሚሊዮን በታች፣ ማለትም ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሆናል። ወርዱና ቁመቱ እኩል ስለ ተቀነሱ መልኩ አይለወጥም። አክስቴ የፈሩት በእርግጥ የሚደርሰው ቁመቱን ትተን ወርዱን ብቻ የቀነስን እንደ ሆነ ነው። የስልክ መስተዋትም 12 ሚሊዮን ነጥብ የማሳየት አቅም ስለሌለው ተቀባይዋ ልዩነቱን አታየውም። ስድስቱ ፎቶግራፎች ባንድ መልእክት ሄዱ። ከቤይሩት የመጣው የመጀመሪያ ቃል «ልጄ ወፍሯል!» የሚል ነበር። አክስቴም ተረጋጉ።

ሆኖም አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጄፔግ የሚባለው የፎቶግራፍ ዓይነት የሚጨመቀው፣ ዓይናችን በቀላሉ የማይለየውን የቀለም ዝርዝር እየጣለ ነው። አንድ ጊዜ የተጣለው አይመለስም። በላዩ ላይ ደጋግመን ባረምነውና ባስቀመጥነው ቁጥርም ይደበዝዛል። ስለዚህ የሚያንሰው ቅጂው እንጂ ዋናው መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1973 በአዲስ አበባ የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ የተከተለውም ይህንኑ መንገድ ነው። ብራናው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ትንሹ ፊልም ግን እስከ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ድረስ ተጉዞ ለአጥኚዎች ደረሰ።

አሠራሩ አያስቸግርም። በኮምፒዩተር ፔይንት በሚባለው ፕሮግራም ፎቶግራፉን ከፍታችሁ «ሪሳይዝ» የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ የወርድና የቁመቱ መጠን ተያይዞ እንዲቀንስ ምልክት አድርጋችሁ በሌላ ስም ታስቀምጣላችሁ። የአይፎን የኢሜይል ፕሮግራም ሲላክ ትንሽ፣ መካከለኛ ወይስ ትልቅ ይሁን ብሎ ራሱ ይጠይቃል። በሌሎች ስልኮችም መጠን መቀየሪያው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶግራፍ ከሚታረምበት ቦታ ይገኛል። ቴሌግራም ደግሞ በፎቶ መልክ የተላከለትን ራሱ ያሳንሳል፤ በፋይል መልክ ከተላከ ግን እንዳለ ያደርሳል።

የልጆችን የትምህርት ማስረጃ ወይም የልደት ካርድ ስትልኩ ያሳነሳችሁትን ቅጂ አስቀድማችሁ ክፈቱና ስሙንና ቁጥሩን አንብቡ። ለእናንተ ካልተነበበ ለመሥሪያ ቤቱም አይነበብም። ዋናውን ፎቶግራፍ ደግሞ ከስልኩ ሌላ በፍላሽም ሆነ በኮምፒዩተር አኑሩት። ልጅ አድጎ በወረቀት አሳትመን ግድግዳ ላይ እንስቀለው ባለ ጊዜ የሚፈለገው ትልቁ ነውና።