የሁለታችን ማክሰኞ በለንደን

ለንደን ስንት ዓመት ኖራችሁ? እኔና ባለቤቴ 17 ዓመት ሞላን። ከተማውን አይታችሁታል ወይ ብትሉን ግን መልሳችን ዝምታ ነበር። እሱ የአውቶብስ ሹፌር ነው፤ ሳይነጋ ይወጣል። እኔ አረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። ብዙውን ጊዜ የምንገናኘው በር ላይ ነው፤ አንዳችን ጫማ ስናወልቅ አንዳችን ስናጠልቅ። እናንተም ቤት እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው ወር ዕረፍታችን ማክሰኞ ላይ ገጠመ። ልብስ ማጠቢያውን ልጭን ስል የ14 ዓመቷ ልጃችን «ዛሬ ቱሪስት ናችሁ!» ብላ የምንሄድበትን በወረቀት ጽፋ ሰጠችንና ትምህርት ቤቷ ሄደች። እሷ በትምህርት ቤት በኩል ያላየችው ሙዚየም የለም። ልጅ ወላጁን ከተማ ሲያስጎበኝ፣ መቼም ይሄ የስደት ነገር ነው።

ወጪው አያስፈራችሁ። ትልልቆቹ ሙዚየሞች መግቢያቸው ነፃ ነው። አውቶብስም አንዴ ካርድ ካስነካችሁ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ ብትቀይሩ ድጋሚ አያስከፍላችሁም፤ ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደሞ ጭራሽ አይከፍሉም። ዳቦና ቆሎ ቋጥረን፣ ቡና በፔርሙስ ይዘን ወጣን። ፎቅ ላይ፣ ከፊተኛው መስታወት ሥር ተቀመጥን። መብራት ቀይ ባለ ቁጥር የባለቤቴ ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል። «ኧረ አንተ፣ ዛሬ የሚነዳልህ ሰው አለ» አልኩት።

የወረቀቱ መጀመሪያ ሳውዝ ኬንሲንግተን፣ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ነበር። ልጄ ከሥሩ «የወርቅ ዘውዱን ጠይቁ» ብላ አስምራበታለች። ጠየቅን፣ ተመራን።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! የሐዋርያትና የወንጌላውያን ምስል የተቀረጸበት የወርቅ ዘውድ ነው። በ1740 ገደማ (በፈረንጆቹ) የተሠራ ሲሆን፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ አሠርተው ለጎንደር ቁስቋም ማርያም እንደሰጡት ይታመናል። መቅደላ የደረሰው አፄ ቴዎድሮስ ከየአድባራቱ ቅርስ ሲሰበስቡ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ንጉሡ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ዘውዱም ከስንት ብራናና ጽዋ ጋር ተጭኖ ወጣ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ መጣ፤ በ18 ዓመቱ እዚሁ አገር ሞቶ አጽሙ እስካሁን ዊንዘር ነው።

ባለቤቴ ደግሞ የቁስቋም ልጅ ነው። የእቴጌይቱ ግንብ ፍራሽ ውስጥ ድብብቆሽ እየተጫወተ ነው ያደገው። ኮፍያውን አውልቆ መስታወቱ ፊት ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። በመጨረሻ «አንቺ፣ ይቺ እኮ ጎረቤቴ ናት» አለኝ። በዚያ መንገድ ለስንት ዓመት አውቶብስ ነድቷል! ጥበቃው ጠጋ ብሎ ደህና መሆኑን ጠየቀው። «ከእኛ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው» አለው በእንግሊዝኛ። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመልን።

በ2018 ሙዚየሙ የመቅደላ ቅርሶቹን ለረጅም ጊዜ በውሰት ለኢትዮጵያ ሊሰጥ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ጨርሶ እንዳይመልስ የሚያግደው የ1983 ሕግ አለ ይባላል። የራስን ዕቃ መዋስ! እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ። «ማየቱ ቁጭት ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም። ልጆቻችን ካላዩት ነገ ማን ይጠይቃል?

ከዚያ በእግራችን ሃይድ ፓርክ ገብተን ሰርፐንታይን ሐይቅ ዳር ተቀመጥን። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ ሥራው የተጀመረው በ1730 ለንግሥት ካሮላይን ሲባል ነው። ምንትዋብ ጎንደር ላይ ዘውድ የደፉት በዚያው ዓመት መሆኑን ለባለቤቴ ስነግረው «ታዲያ እኩያ ናቸው» ብሎ ቆሎውን ዘገነ። ቡናውን ጠጣን። ስለ ኪራይ፣ ስለ ፈረቃ አላወራንም። እሱ ስለ እናቱ፣ ለንግሥ ቁስቋም ይዛው ስለምትወጣበት መንገድ አጫወተኝ። በ17 ዓመት ሰምቼው የማላውቀው ወሬ ነው፤ ሰዓት ስላልነበረን እንጂ ተደብቆኝ አይደለም።

9 ቁጥርን ከአልበርት አዳራሽ ተሳፍረን አልድዊች ወረድን። ትራፋልጋርን በመስኮት አየነው፣ ይበቃል። ዋተርሉ ድልድይን ግን ቀስ ብላችሁ ተሻገሩት፤ በግራ ቅዱስ ጳውሎስ፣ በቀኝ ፓርላማው ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ ያውም በነፃ። ድልድዩ ሥር አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ አሉ፤ ለልጃችን አንድ ገዛንላት።

ወደ ቤት ስንመለስ የአውቶብሱ ሹፌር ባለቤቴን አውቆት እጁን አነሳለት። እሱ ግን አላየውም፤ ስልኩን ይዞ የቅዳሜ ፈረቃውን የሚቀይርለት ጓደኛ እያፈላለገ ነበር። ልጆቹን ይዘን ጎረቤቱን ልንጠይቅ ነው።