አቦ፣ የትኛውን ሞተር ይግዛ?

አውሮፓ የሚኖር አንድ የድሬ ልጅ ጓደኛ አለን። ሰሞኑን ደወለና ‹‹አቦ፣ አሮጌ ሞተር ልገዛ ነው፤ ምረጡልኝ!›› አለን። እኛ ሳንጠየቅ የምንመክር ሰዎች፣ ተጠይቀን እንዴት እንለፍ? የዚያን ቀን በርጫችን በሞተር ወሬ አለቀ።

ምርጫው ሦስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የእንግሊዙ ትራያምፍ ቦንቪል (649 ሲሲ)፣ በ1967 መመረት የጀመረው የጣሊያኑ ሞቶ ጉዚ ቪ7 (703 ሲሲ) እና በ1969 የወጣው የጀርመኑ ቢኤምደብሊው አር75/5 (745 ሲሲ)።

ሰብሳቢ ቢሆን መልኩን አይቶ ይመርጥ ነበር። እሱ ግን የሚገዛው ሊነዳው ነው፤ ‹‹አንድ ቀን ደንገጎን እወጣበታለሁ›› ይላል። እንግዲያው መለኪያችን ደንገጎ ሆነ! ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን ያን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ከኋላ ሰው ጭኖ፣ በድሬ ፀሐይ…

ትራያምፉ ቀላል ነው፤ ድምፁም ልብ ይሰርቃል። ግን የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ነው። የደቻቱን አሸዋ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ አሸዋ የገባበት ካቴና ቶሎ ይበላል። ፍጥነት ሲጨምርም ንዝረቱ እጅ ያደነዝዛል።

ጉዚውና ቢኤምደብሊው ግን ኃይሉን በተሸፈነ ሻፍት ነው የሚያስተላልፉት፤ አቧራ አይደርስበትም። ሲሊንደሮቻቸውም ግራና ቀኝ ስለወጡ ሁለቱም ንፋስ ያገኛሉ። ጉዚው ከበድ ይላል፣ ዳገት ላይ ግን ሳይጮህ ይጎትታል። የቢኤምደብሊው ሲሊንደሮች አግድም ስለተኙ ክብደቱ ወደ መሬት ቀርቦ ኩርባ ላይ ይረጋጋል። ትራያምፉ ወደቀ፤ እኛም ለሁለት ተከፈልን።

ይሄኔ አባቱ ሸሚንደፈር ቶርኖ ላይ የሠሩ አንዱ ጓደኛችን ‹‹መለዋወጫው ሲጠፋስ ማን ይሠራለታል?›› አለ። ጸጥ!

እውነቱን ነው። ፔጆ 404ን አስታውሱ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1975 ማምረት ካቆመች በኋላ ሐረር ላይ ለአስርት ዓመታት ታክሲ ሆኖ የሠራው በፋብሪካው ጥንካሬ ብቻ ነው? የጎደለውን የሚቀርጹ፣ የተሰበረውን የሚበይዱ እጆች ስለነበሩ ነው እንጂ! ካቴና፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቶርኖ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን መጡ። ባቡሩም እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ሲደርስ ከፈረንሳዮቹ ጋር ነው። ሙያው ግን እዚሁ ቀርቶ የአባቶቻችን ሆነ።

የእኛስ? ቆጠርን። ከስድስታችን ቶርኖ አስነስቶ አንዲት ቡሎን መቅረጽ የሚችል አንድም የለም! ስለ ሻፍት ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ አውርተናል። አፈርን።

ለጓደኛችን የላክንለት መልስ ይሄ ነው፦ ቢኤምደብሊውን ግዛ። ቫልቩን ለማስተካከል ብዙ መፍታት የለብህም፤ ሲሊንደሩ ደጅ ላይ ነው። ግን ሳሎን አታቁመው፤ ንዳው፣ ሲበላሽም ራስህ ፍታው። መሰብሰብ ያለበት ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ብረቱን የሚያውቀው እጅ ነው።

እኛም ለራሳችን መልስ አላጣንም። አባትየው አሁንም ሠፈራቸው ውስጥ ትንሽ ቶርኖ ቤት አላቸው። ሰኞ ጠዋት ልንማር ቀጠሮ ይዘናል። ‹‹ስንት ቀን ትቆያላችሁ?›› ብለው ሳቁብን።

እናያለን!