ስሟን ያልጠየቅናት

ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የተጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው። ታዲያ እነዚያን ዜማዎች መጀመሪያ ያንጎራጎረው ማን ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። «የሕዝብ ነው» እንላለን፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ይህች «የሕዝብ» የምትባል ቃል እኛን ጓደኛሞች ክፉኛ አጨቃጭቃናለች። ጊዜው 2000 ዓ.ም. ገደማ፣ ቦታው ቆቦ፣ ከአስፋልቱ ዳር ያለች ሻይ ቤት ነው። አራት ነን። የቆላው ሙቀት ስለማያስተኛ ጨዋታው እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል፤ ያነበብነው መጽሐፍ፣ የሰማነው ካሴት፣ ያየነው ፊልም ይነሣል፣ ይጣላል።

አንዱ ከ«ኦሮማይ» ወዲያ መጽሐፍ የለም ባይ ነው። ልብ ወለዱ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ግርማ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። «ደራሲ ማለት ለጻፈው ነገር ስሙን መያዣ የሚያደርግ ነው» ይላል ጓደኛዬ።

ሁለተኛው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይመርጣል፤ ያውም ያነበበውን ሳይሆን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን። «ሐዲስ ዓለማየሁ ጻፉት፤ ወጋየሁ አጠገቤ አምጥቶ አስቀመጠው» ይላል። እኔ የቪዲዮ ቤት ልጅ ነኝና፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቄ፣ ቋንቋውን አንዲት ቃል ሳልሰማ ያለቀስኩበትን የህንድ ፊልም አልክድም።

አራተኛው ተራው ሲደርስ ሣቅን። ከሁሉ የሚወደው እናቱ ማማ ላይ ሆና ያወጣችውን ግጥም ነው።

የራያን ሜዳ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ወፍ ይወርድበታል። ስለዚህ አንድ ሰው ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፤ ከንጋት እስከ ምሽትም ይጮኻል፣ ይዘፍናል። ዝም ካለ እህሉ አለቀ። የጓደኛዬ እናት በዚያ ድካም መካከል ያወጣቻትን ግጥም ልጇ ከዓመታት በኋላ በሰው ሠርግ ላይ፣ ከማያውቀው ሰው አፍ ሰማት። ሮጦ ሄዶ ሲነግራት፣ «ወፉን አባራልኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ቢላት ምን ቸገረኝ» አለችው።

«እንግዲያማ ድርሰት አይደለም» አለ የ«ኦሮማይ»ው ወዳጅ። ሕጉም ከእሱ ሳይወግን አልቀረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ጥበቃ የሚሰጠው ለተጻፈ፣ ለተቀረጸ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ላገኘ ሥራ ነው። ከማማ ላይ ወጥታ በነፋስ የሄደች ግጥም በየት በኩል ትግባ?

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ። የጓደኞቼ መጻሕፍትና ካሴቶች እዚያው ቀሩ፤ ሲመለሱም አላገኟቸውም። የእናትየዋን ግጥም ግን ልጇ ይዟት ወጣ፤ ሸክም አልሆነችበትም።

ይህን አይቼም ግማሽ ልቤ አሁንም ከመጀመሪያው ጓደኛዬ ጋር ነው። ግጥሚቱ ያለ ወረቀት ኖራለች፤ ገጣሚዋ ግን ከልጇና ከጎረቤቶቿ በቀር የሚያውቃት የለም። «የሕዝብ» የምንለው ሁሉ አንድ ቀን የአንድ ሰው ነበር፤ ምናልባትም ስሟን ያልጠየቅናት የአንዲት ሴት። አገር ቤት የምትሄዱ፣ የምትወዱትን ዘፈን ስትሰሙ «መጀመሪያ ማን አለው?» በሉ። መልሱ ከተገኘም ከግጥሙ ሥር ስሙን ጻፉ።