በፕሮቫንስ አምባዎች ላይ አንድ ቀን

አባቴ የሚኖሩት መንዝ ውስጥ በአንድ አምባ አፋፍ ላይ ነው። ውኃ የሚቀዳው ከገደሉ ሥር ስለ ሆነ ወርዶ መመለሱ ጕልበት ይጨርሳል። እናቴ ካረፉ በኋላ እኔና ወንድሞቼ ተማክረን፣ አባታችን ቤቱን ትተው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ ቈረጥን። ይህን የማስረዳቱም ሥራ ለእኔ ተሰጠ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆንሁ ቃሌ ይሰማል ተብሎ ነው። እኔም ነገሩን ዛሬ ነገ እያልሁ ሳላደርሰው፣ ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ ፈረንሳይ አገር ተላክሁ። ለአንባቢዎቼ የምተርከው በዚያ ሳለሁ ስላሳለፍሁት አንድ ቅዳሜ ነው።

የተቀመጥሁባት ከተማ አቪኞን ትባላለች። ከ1309 እስከ 1377 ድረስ ሊቃነ ጳጳሳቱ ከሮም ርቀው የተቀመጡባት ናት፤ ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ከእርስዋ በስተ ምሥራቅ ሉቤሮን የሚባል ተራራ አለ፤ በዙሪያውም በየኮረብታው ራስ ላይ የተሠሩ ጥንታውያን መንደሮች ይገኛሉ። እነዚህን በአንድ ቀን የሚያስጐበኝ ትንሽ አውቶቡስ መኖሩን ሰምቼ፣ የአንድ ሳምንት የምሳዬን ገንዘብ ከፍዬ ገባሁ። ተሳፋሪዎቹ ስምንት ነበርን። የምትነዳውም የምታስጐበኘውም ጠጕራቸው የሸበተ አንዲት ወይዘሮ ነበሩ።

መጀመሪያ የደረስነው ጎርድ ከሚባለው መንደር ነው። ከፊት ለፊቱ ካለው ገደል ጫፍ ቆመን ስናየው፣ ቤቶቹ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ከሁሉም በላይ በ1525 እንደ አዲስ የተሠራው ግንብ ይታያል። ጓደኞቼ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲጋፉ፣ እኔ «ውኃውን ከየት ይቀዱ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። ወይዘሮዋም ሣቁና፣ «ሌላው ጐብኚ የሚጠይቀኝ የቤቱን ዋጋ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ዓለቱን ፈልፍለው የዝናቡን ውኃ በጕድጓድ ያጠራቅሙ እንደ ነበረ ነገሩኝ።

ሰው ስለ ምን እንዲህ ባለ ቦታ ይሠፍራል? ጠላት ከሩቅ እንዲታይ ነው፤ ደግሞም ለስንዴ፣ ለወይንና ለወይራ የሚሆነው ደልዳላ መሬት በቤት እንዳይያዝ ነው። ይህ ለእኛ ለደገኞች አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን አምባ ሁልጊዜ አያድንም። በነሐሴ ወር 1944 አርበኞች አደጋ ስለ ጣሉባቸው የጀርመን ወታደሮች ወደ ጎርድ መጥተው ሰው ገደሉ፤ ብዙ ቤትም አፈረሱ። መንደሩ በ1948 የጦር ሜዳ ኒሻን ተሸልሟል። ዛሬ በአደባባዩ ቡና የሚጠጣው መንገደኛ ይህን የሚያስበው አይመስለኝም።

ከጎርድ ወረድ ብሎ ቦሪ የሚባሉ የድንጋይ ጎጆዎች አሉ። ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተካቡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ከበታቹ ካለው ጥቂት ወደ ውስጥ እየገፋ ሄዶ ጣራው ላይ ይገጥማል። አባቴ እርከን ሲክቡ ድንጋይ አቀብል ስለ ነበረ፣ ድንጋዩ ወደ ውጭ ዘመም ያለበት ምክንያት ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ የዝናቡ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይፈስ ነው። ለዚህ ሥራ አባቴን አንድ ቀን እንኳ እንዳላመሰገንኋቸው ትዝ አለኝ።

ሁለተኛው መንደር ሩሲዮን ነው። አፈሩ ብረት ስላለበት ከቢጫ እስከ ደም ቀይ ይለያያል፤ ቤቱም ሁሉ በዚያው አፈር የተቀባ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዣን ኤትየን አስትየ የተባለ የዚያ አገር ሰው አፈሩን እያጠበ ቀለም ማውጣት ጀመረ። አሸዋው ይዘቅጣል፤ ቀለሙ ከውኃው ጋር ፈስሶ በገንዳ ይጠራቀምና በፀሐይ ይደርቃል። በፋብሪካ የሚሠራው ቀለም ሲመጣ ግን ገበያው ወደቀ። የአየርላንዱ ደራሲ ሳሙኤል ቤኬት በ1942 ከጌስታፖ ሸሽቶ የተሸሸገው በዚህ መንደር ነበር፤ በዚያም በገበሬዎች እርሻ ላይ እየሠራ ኖረ። በ1969 የኖቤልን ሽልማት ያገኘው እርሱ ነው።

ከምሳ በኋላ ወደ ቦንዩ ስንሄድ፣ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ዓመት የሠሩትን የዡልየን ድልድይ አየን። እስከ 2005 ድረስ መኪና ያሳልፍ ነበር። በየመንደሩ ግን አንድ ነገር ልቤን ነካው፤ ብዙ መስኮት ተዘግቷል። ወይዘሮዋን ብጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ ቤቶች ለበጋ ዕረፍት ብቻ የሚመጡ የሩቅ ሰዎች ንብረት መሆናቸውን ነገሩኝ።

የመጨረሻው ኦፔድ ለ ቪዩ፣ ማለት አሮጌው ኦፔድ ነው። ሕዝቡ ወደ እርሻውና ወደ መንገዱ ለመቅረብ ሲል ጥቂት በጥቂት ወደ ሜዳው ወርዶ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የላይኛው መንደር ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። በ1940 ፈረንሳይ ስትሸነፍ ጥቂት ሠዓሊዎችና የሕንፃ ባለሙያዎች በፍርስራሹ ውስጥ ተጠለሉ፤ ከእነርሱ ጋር የነበረችው ኮንሱኤሎ ደ ሴንቴግዙፔሪም ስለዚህ መንደር በ1945 መጽሐፍ አሳትማለች። ጣራ በሌላቸው ቤቶች መካከል ሽቅብ ወጥተን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተቀመጥን። እኔም የአባቴን ነገር ለወይዘሮዋ አጫወትኋቸው።

«የአያቴ እናት እንዲህ ካለው መንደር የወረደች ናት» አሉኝ። «ማንም አላወረዳትም፤ ራስዋ ወረደች። ነገር ግን እስክትሞት ድረስ የላይኛውን ቤት ቍልፍ ከወገብዋ አልፈታችም ይባላል።»

በዚያች ሌሊት ወደ አባቴ ስልክ ደወልሁ። ጤንነታቸውን ከጠየቅሁ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ተረክሁላቸው።

«ውኃውስ?» አሉኝ።

«ዛሬ ቧንቧ አላቸው፣ አባባ። ግን የመጣላቸው ብዙው ሰው ከወረደ በኋላ ነው።»

ጥቂት ዝም አሉ። ወንድሞቼ ያስጠኑኝ ንግግር በአፌ ላይ ነበር፤ ዋጥሁት።

«እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ?» አልኋቸው።

«እናትህ ካረፈች ወዲህ ይህን የጠየቀኝ የለም፣ ልጄ» አሉ። «ጕልበቴ ደክሟል፤ መውረዱንስ እወርዳለሁ። ከመኪናው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ቤት ብትሠሩልኝ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አምባውን አየዋለሁ። አዲስ አበባ ተቀምጬ ምን ላይ ነው?»

ወንድሞቼ በዚህ አልተደሰቱም። አንደኛው፣ «እንድታሳምናቸው ብንልክህ አሳምነውህ መጣህ» ብሎ ዘለፈኝ፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ከተመለስሁ ጀምሮ በየወሩ ከደመወዜ እየቀነስሁ ለቆርቆሮና ለምስማር የሚሆን ገንዘብ አስቀምጣለሁ። ድንጋዩን ራሳቸው አባቴ እየመረጡ ናቸው።